ቤቶቹን ሁሉ የጣልኩበት ወር

የካቲት 3፣ ረቡዕ

መጀመሪያ ነገሩ ግልጽ ይሁን። ቤት የሚፈልጉት ልጄና ባሏ ናቸው፤ እኔ አይደለሁም። እኔ ቤት አለኝ፤ ሁለት ክፍል። በአንዱ እኔ፣ በአንዱ እነሱ ሦስት ሆነው። “ለጊዜው ነው” ብለው ከገቡ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆናቸው። ሦስተኛዋ ገና ዘጠኝ ወሯ ነው። ዳይሬክተሯ እላታለሁ፤ ድምፅዋ ሲሰማ ሁሉም ሥራውን ጥሎ ቀጥ ስለሚል።

ዛሬ መዳህ ጀመረች። ሦስት ጊዜ ዳኸችና በአራተኛው ግንባሯ ከቁም ሳጥኑ ጋር ተጋጨ። ሜትር አምጥቼ ለካሁ። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑና ጠረጴዛው የተዉላት ባዶ ወለል አንድ ሜትር ከስልሳ በሰማንያ ሳንቲም ነው።

ራት ላይ ልጄ፣ “አባዬ፣ በቃ ቤት እንፈልጋለን። ወደ ፋርማሲው ሥራዬ ከመመለሴ በፊት” አለች። ባሏ አንገቱን ደፍቶ ዳቦ ይቆርሳል። ጥሩ ልጅ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል፤ እኔ ፊት ግን እስካሁን እንዳረፈደ ተማሪ ነው የሚቀመጠው።

“እኔም አብሬ አያለሁ” አልኩ።

“ይኼማ የታወቀ ነው” አለች።

የካቲት 4

የማረሚያ ቅጽ አዘጋጀሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማረ ሰው ቤትን በዓይን ብቻ አይመርጥም። ብርሃንና አየር 20። ውሃ 15። ግድግዳና ጣራ 15። በርና ቁልፍ 10። መጸዳጃ 10። ጸጥታ 10። ለዘመድ ቅርበት 20። ድምር መቶ፤ ማለፊያ ስድሳ አምስት። ኪራዩ ከአቅማቸው በላይ የሆነ ቤት ለፈተናም አይቀመጥም።

አሥር ቅጂ በእጄ ጻፍኩ። ደስ የሚል ሥራ... ቀይ ብዕሬም ገና አልደረቀም።

የካቲት 7፣ እሑድ

የመጀመሪያው ቤት። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ብርሃኑ ግሩም። ደላላው ግድግዳውን እንደ በግ እየደባበሰ ያሞግሳል።

“ውሃስ?”

“ውሃማ አለ።”

“የት?”

“ታች።”

“ከታች ማን ያወጣዋል?”

“ወጣቶች አይደሉ እንዴ፣ ጋሼ?”

አማቼ በጆሮዬ፣ “እኔ አወጣዋለሁ፣ ጋሼ” አለ። እሱ ሥራ በዋለ ቀን ልጄ ሕፃን አዝላ፣ ጀሪካን አንጠልጥላ አራት ፎቅ... አርባ ስምንት። ወደቀ።

የካቲት 11

ሁለተኛው ቤት ከብረት በያጆች ጀርባ ነው። ሰፊ፣ ርካሽ፣ ግድግዳው ደረቅ። አከራይዋ ሴትዮ ደግ ፊት አላቸው።

“ጸጥታውስ እንዴት ነው?” አልኳቸው።

“ምን አሉኝ?”

“ጸጥታው።”

“አልሰማ አለኝ፣ ጠጋ ይበሉ።”

ለጸጥታ ዜሮ ጻፍኩ። ሴትዮዋ ቅጹን አጮልቀው አይተው፣ “እሑድ እኮ ጭጭ ይላል” አሉ። ልጄ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አምሳ ሰባት። ወደቀ።

የካቲት 14፣ እሑድ

ሦስተኛው ከከተማው ዳር ነው። በሁለት አውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል። አዲስ ቤት፣ ሁለት ክፍል፣ የራሱ ቧንቧ፣ ትንሽ ግቢ። ልጄ ዳይሬክተሯን ግቢው ውስጥ አስቀመጠቻት። ዳኸች... ዳኸች... የሚያግዳት ነገር አጣች። ግራ ገብቷት ዞር ብላ አየችን።

ለዘመድ ቅርበት ዜሮ። ድምር ስድሳ ሦስት።

አውቶቡስ ውስጥ ልጄ፣ “ስንት አገኘ?” አለችኝ። ነገርኳት።

“በሁለት ነጥብ ነው የጣልከው?”

“ሁለት ነጥብ ሁለት ነጥብ ነው።”

ከዚያ በኋላ እስክንደርስ አላናገረችኝም። ደክሟት ይሆናል።

የካቲት 16

ዝናብ። ቤት አላየንም። ዳይሬክተሯ መነጽሬን ነክሳ አንድ እግሩን አጣመመችው።

የካቲት 18

አራተኛው ቤት የሶፋ ሰሪው ነው። ከሶፋ መሥሪያው ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች፤ አንዱ ጠባብ። ከቤቴ በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ፤ ደርሶ መልስ ለካሁት። ለቅርበት ሙሉ ሃያ። ሌላው ግን... መስኮቱ በሚስማር ተቸንክሯል። ጣራው ላይ የውሃ እድፍ አለ። የመጸዳጃው በር የሚታሰረው በሲባጎ ነው።

ባለቤቱ ትከሻው ላይ ሜትር ጣል አድርጎ ከኋላዬ ይከተላል። መስኮቱን ለሦስተኛ ጊዜ ስገፋው፣ “መምህር፣ ቤቱን ሊከራዩት ነው ወይስ ሊያገቡት?” አለ።

ስድሳ አንድ። ወደቀ።

ቤት ስደርስ ቅጹ የለም። ግማሽ የለበሰ ሶፋ ላይ አስቀምጬ ስጽፍ ነበር... እዚያው ረሳሁት? ከነቀይ እርማቱ። ዓይን አውጣ ሽማግሌ ሳይለኝ አይቀርም።

የካቲት 21፣ እሑድ

ከምሳ በኋላ ልጄ የቀሩትን ሦስት ቅጾች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው።

“ስንት ቤት አየን፣ አባዬ?”

“አራት።”

“ስንቱ አለፈ?”

መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ።

“ስታስተምርም እንዲህ ክፍሉን ሙሉ ትጥል ነበር? አንተ እኮ ውሃ ቀጠነ የምትል ሰው ነህ።” ከዚያ ጣቷን በመጨረሻው መስመር ላይ አሳረፈች። “ለዘመድ ቅርበት፣ ሃያ። ዘመዱ ማነው?”

“ዘመድ... ዘመድ ነዋ።”

“የሱ ወላጆች ሌላ ከተማ ናቸው። አክስት የለን፣ አጎት የለን። ቁጠርልኝ እስቲ።”

መቁጠር አላስፈለገም። አንድ ሰው ነው።

ያን ጊዜ አማቼ ተናገረ። እንደዚያ ረጅም ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። “ጋሼ፣ ፋብሪካችን ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ከፍቷል። ለሚዛወር ሰው ቤት ይሰጣሉ። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጥ ብለውኛል። መሄዱን አልወደድነውም፤ ሁለታችንም። ግን እዚህ ቤት ካጣን... ምን እናድርግ?”

“በአውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው?”

“ስምንት።”

ስምንት ሰዓት። በቅጼ ለዚህ የሚሰጥ ነጥብ አልተበጀም።

የካቲት 22

የራሴን ቤት አረምኩ። በዚያው ቀይ ብዕር፣ በዚያው ቅጽ። ብርሃን 6። ውሃ 10። ግድግዳና ጣራ 7። በር 3፤ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው መጋረጃ ነው፣ መጋረጃ በር አይባልም። መጸዳጃ 5። ጸጥታ 1። ለዘመድ ቅርበት ሙሉ ሃያውን ወስዶ እንኳ አምሳ ሁለት። ሁለት ዓመት ከአራት ወር የወደቀ ቤት ውስጥ አስቀምጫቸው ሌላውን ሰው ቤት ስጥል ከርሜያለሁ።

ከዚያ ከከተማው ዳር ካለው ቤት ቅጽ ላይ የዘመዱን መስመር ሰረዝኩ። ስድሳ ሦስት ከሰማንያ። ከመቶ ሰባ ዘጠኝ ማለት ነው። ጎበዝ ተማሪ ነበር የጣልኩት... ለራሴ ብዬ።

ለደላላው ደወልኩ። “ጋሼ፣ እሱማ ትናንት ተያዘ” አለ።

ለልጆቹ ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። አማቼ ወለሉን አየ። ልጄ ቅጹን አጣጥፋ፣ “አሁን ስምንት ቀን አለን” አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 25

ጠዋት በር ተንኳኳ። ሶፋ ሰሪው፤ የኔን ቅጽ በእጁ ይዞ። አድራሻዬን ከደላላው ጠይቆ ነው የመጣው።

“መምህር፣ ይኼን የጣሉት እርስዎ ነዎት?”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ረስቼው ነው።”

“ረስተው? ሚስቴ አንብባው መከራዬን አሳየችኝ። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ‘እኔ ከመቶ ስድሳ አንድ ያመጣ ባል ነው ያለኝ’ ትላለች።”

ይግቡ ብዬ ሻይ ሰጠሁት። አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ቅጹን ጉልበቱ ላይ አቃናው። “እርማቱን ሠርቻለሁ። አንድ በአንድ። ድጋሚ ፈተና ይስጡኝ።”

በሥራ ዘመኔ እንዲህ ብሎ የመጣ ተማሪ ብዙ አላጋጠመኝም።

የካቲት 27፣ ቅዳሜ

አዲስ ቅጽ ጻፍኩ። የዘመዱን መስመር አወጣሁ፤ ከሰማንያ ነው የሚታረመው። በሩ ላይ ስንደርስ ብዕሩን ለልጄ ሰጠኋት። ግራ ገባት።

“እኔ?”

“የምትኖሪበት አንቺ ነሽ።”

እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ። ቀላል አልነበረም። መስኮቱ ይከፈታል፤ ቀለምም ነክቶታል። የጣራው ቆርቆሮ ተቀይሯል። ሥራው በአሥራ አንድ ሰዓት ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ መዶሻ የለም፤ ሚስቱ በመሐላ አረጋገጡ። አማቼ መጸዳጃ ቤቱን ሊያይ ገባ። ከውስጥ ድምፁ መጣ።

“ጋሼ... ቁልፉ ያለው በውጭ በኩል ነው።”

ሁላችንም ዞረን ሶፋ ሰሪውን አየነው። “ቁልፍ የለውም ብለው ጻፉ እንጂ በየት በኩል እንደሚሆን አልጻፉም” አለ።

ቅጹን አየሁት። እውነቱን ነው። “ቁልፍ የለም” ነው የሚለው። ልጄን፣ “ጥያቄው ግልጽ ካልሆነ ተማሪ አይቀጣም። ሙሉ ስጪው” አልኳት። እያለቃቀሰች ትስቃለች። ቁልፉን አማቼ ራሱ ፈቶ ወደ ውስጥ አዞረው።

ጠባቡ ክፍል ጠባብ ነው፤ እሱን ማንም አያርመውም። ግን አልጋው እዚያ ከገባ ትልቁ ክፍል ለዳይሬክተሯ ባዶ ይሆናል። ልጄ ደመረች። አምሳ ዘጠኝ።

“ከመቶ ስንት ነው?” አለ ሶፋ ሰሪው።

“ሰባ አራት ለመሆን ሩብ ነጥብ ይቀረዋል።”

“እሱን በወረቀት ይጻፉልኝ። ይፈርሙበትም።”

ጻፍኩለት። ሚስቱ ተቀብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ባልና ሚስቱ መስኮቱ ጋ ሄደው ተንሾካሾኩ... የኔዎቹ። ተመልሰው ሲመጡ አማቼ ቀና ብሎ፣ “እንወስደዋለን። ለፋብሪካው ሰኞ እነግራቸዋለሁ፤ አልሄድም” አለ። ቀና ብሎ ሲናገር ቁመቱ ከኔ እንደሚበልጥ ዛሬ ነው ያየሁት።

መጋቢት 5፣ እሑድ

ገቡ። ዕቃው በጋሪ ሁለት ምልልስ ሆነ። እኔ ግን ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንዴ ሜትር ይዤ፣ አንዴ የረሱትን ማንኪያ ይዤ፣ አንዴ... ምንም ሳልይዝ።

በሦስተኛው ልጄ በር ላይ ያዘችኝ። “አባዬ፣ ስትመጣ አንኳኳ እሺ?”

“በሩ ክፍት ነበር እኮ።”

“ክፍትም ቢሆን።”

ልክ ናት። ወጥቼ እንደገና አንኳኳሁ። “ቤት ለእንቦሳ” አልኩ። “እንቦሳ እሰር” አለ አማቼ ከውስጥ፣ እንደ ባለቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ።

መጋቢት 7

ሻይ አፍልቼ ሦስት ብርጭቆ አወጣሁ። ሁለቱን መለስኩ።

መጋቢት 9

ደላላው ደወለ። ባዶ ቅጽ እንድሰጠው ይፈልጋል። “ቤት ፈላጊዎቹ ወጣቶች ናቸው፣ ጋሼ፤ ምን እንደሚጠይቁ አያውቁም” አለ። አምስት ቅጂ ጻፍኩለት። ቁልፉ በየት በኩል እንደሚሆን አሁን በግልጽ ሰፍሯል። የዘመዱ መስመር የለም።

መጋቢት 12፣ እሑድ

ሳምንት ሞላኝ፤ አልሄድኩም። ልጄ ሁለት ጊዜ መጥታ አይታኛለች፤ ደህና ናቸው። ዳይሬክተሯ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ትለካዋለች አለች። ጥሩ።

በአፌ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ወሬ ቀየርኩ። ስለዚህ ጻፍኩት። ነገ ጠዋት በበራቸው ሥር አስገባለሁ። ግልባጩ ይኸው፦

“ልጄና አማቼ፦ ከሚቀጥለው ወር ሁለታችሁም ሥራ ትውላላችሁ፤ ዳይሬክተሯም ሕፃናት መዋያ ልትገባ ነው ብላችኋል። ጥሩ መዋያ ነው፤ በውጭ በኩል አልፌ አይቼዋለሁ፣ አላረምኩትም። ከአምስቱ ቀን አንዱን ለኔ ትሰጡኛላችሁ? እናንተ ቤት ሆኜ ልያዛት፤ የሷ ወለል ያለው እዚያ ነው። አንኳኩቼ እገባለሁ፣ ስትመለሱ እወጣለሁ፣ የቤቱን ዕቃ ከቦታው አላንቀሳቅስም። ማክሰኞ ይሻላችኋል ወይስ ሐሙስ? አይሆንም ካላችሁም አይሆንም በሉኝ፤ አልቀየምም። አንድ ቃል ይበቃል። ብቻ አታቆዩኝ፤ እስከ ነገ ማታ መልሱልኝ።”