ሳይመለስ የቀረው ቁጥር

ውድ ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩት ደብዳቤ ሌላ አጀማመር ስለማላውቅለት ነው እንጂ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ስምዎ ሲነሳ ያቅለሸልሸኛል።

የአምቡላንስ አልጋውን የሲሙሌሽን፣ ማለትም የኮምፒውተር ሙከራ፣ ፋይል ትናንት ከፈትኩት። የሞላዎቹን ዳምፒንግ፣ ማለትም ንዝረት የሚያበርደውን መጠን አየሁ። ሦስት ሺህ! ላቦራቶሪው የለካው ሦስት መቶ እንኳ አይሞላም። ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባኝ፤ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ? «ልጄ፣ ሞላ ያለ ዳምፒንግ ኮምፒውተር ላይ ሲዘል ይኖራል። መጀመሪያ ከፍ ያለ ቁጥር ስጪውና በራሱ ክብደት ይረጋጋ፤ ከዚያ ወደ ተለካው መልሰሽ መንገድ ላይ አውጪው» ይሉኝ ነበር። እርስዎ ግን ሳይመልሱ አወጡት። አልጋው ኮምፒውተሩ ላይ ጉድጓዱን ሁሉ ሲያልፍ ንቅንቅ አይልም፤ ግራፉ ለጥ ያለ ሜዳ ነው።

ሰው ነው፣ ይረሳል ብዬ ደወልኩ። ምነው «ረስቼው ነው» ባሉኝ! «አውቃለሁ» አሉኝ በዚያ በለሰለሰ ድምፅዎ። «በእውነተኛው ቁጥር ፈተናውን አላልፍ አለኛ! ጡረታ ልወጣ ሳምንት ሲቀረኝ እንደ አዲስ ልጀምር? ግራፉ ካማረ ማን ይጠይቃል? አትነካኪው።» እፍ! ስልኩን ዘጋሁብዎት።

ራሴንም ተጸየፍኩ። ሪፖርትዎ ላይ «አረጋጋጭ» በሚለው ቦታ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ፋይሉን ሳልከፍት። ጋሼ የሠሩት ምን ስህተት ይገኝበታል ብዬ!

ዛሬ ጠዋት የተሠራውን የአልጋውን ናሙና አስወጣሁና ተኛሁበት። «አብደሻል እንዴ?» አለኝ ቴክኒሻኑ። ወርክሾፑ በር ላይ ባለችው ጉብታ ገፋኝ። ጉብታዋን ካለፍን በኋላም አልጋው ሲያናጥረኝ፣ ሲያናጥረኝ፣ እኔ ጤነኛዋ «ኧረ አቁመው!» ብዬ ጮህኩ።

«ወገቡ የተሰበረ ሰው የሚጫነው እዚህ ላይ ነው?» አለኝ።

አልጋዎቹ ሰኞ ሊላኩ ነበር። ፊርማዬን አንስቻለሁ። ለገዢው ሆስፒታል ሁለቱንም ግራፎች፣ የእርስዎንና እኔ በተለካው ቁጥር ያወጣሁትን፣ ልኬያለሁ፤ በስልክ ያሉኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ሳላይ መፈረሜንም ጭምር ጽፌላቸዋለሁ። መሥሪያ ቤታችን ካባረረኝም ያባርረኝ።

ሙያውን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፤ ይህን አልክድም። ከእንግዲህ ግን ልጄ አይበሉኝ። ነገ ጠዋት ከሆስፒታሉ ይደውሉልዎታል። ስልኩን ያንሱት።

ያለ ሰላምታ፣
የቀድሞ ተማሪዎ