ሦስቱ ደብዳቤዎችሽ

ለእህቴ ልጅ፣ ለቤታችን ጸሐፊ፦

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ጽሕፈትሽ እንደ ወትሮው ዶሮ የጫረው ይመስላልና ደኅና እንደሆንሽ ገምቻለሁ። እናትሽስ? አባትሽስ? እናቴስ እንደምን አለች? እኔ ደኅና ነኝ፤ ሥራ በፈታሁ ቁጥር ግን ናፍቆታችሁ ይበረታብኛል።

ኮሌጅ በበሩ እንጂ በፈተና ያልገባው አጎትሽ አሁን ተማሪ ያስተምራል። ዕድሜዬን መጻሕፍት ስደረድር የኖርኩበት የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ አዲስ ገቢዎች መጽሐፍ እንዴት እንደሚፈልጉና ከሰው ጽሑፍ የወሰዱትን ከማን እንደወሰዱ እንዴት እንደሚጽፉ አሳያቸው አለችኝ። ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን ዘርግቼ የተቀዳውን በእርሳስ አሰምርበታለሁ። ዓይኔ የፈታሽ ዓይን ሆኗል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ያመጣችው ጽሑፍ መጨረሻው ላይ «በትዕግሥት ለጠበቀችኝ ባለቤቴና ለሦስቱ ልጆቼ ምስጋናዬ ይድረስ» ይላል። ልጆቹ ስንተኛ ክፍል ደረሱ ብዬ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች። ለምን ቀዳሽ ስላት፣ «የራሴ ትንሽ ነው፤ ትንሽ መሆኑን እንዳያዩብኝ ብዬ ነው» አለችኝ። ሁለት መስመርም ቢሆን ያንቺኑ አምጪ ብዬ ሸኘኋት።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ፣ ናፍቆት ሲይዘኝ እንደማደርገው፣ ደብዳቤዎችሽን ዘረጋሁ። እጄ ለምዶበት እርሳስ አነሳ። የሰኔው «እናትህ ደኅና ናት፤ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ስላንተ ትጠይቃለች» ይላል። የመስከረሙም ይኸንኑ፣ የታኅሣሡም ይኸንኑ፤ ክረምት የለ በጋ የለ፣ ሁልጊዜ ፀሐይ። እናቴ አንቺን ስታስጽፍ እኮ እኔን ሳትሰድብ ደብዳቤው አይታሸግም ነበር፤ አንዴ ስለ ስንፍናዬ፣ አንዴ ሚስት ስላለማግባቴ። በሦስቱ ውስጥ አንድም ስድብ አጣሁ።

ልጄ፣ አልተቆጣሁሽም። እንዳልጨነቅ ብለሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ታማለች? መናገር አቅቷታል? ወይስ እኔን ረስታኛለች? እውነቱን ካወቅሁ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ፤ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼዋለሁ። እባክሽ አጠገቧ ተቀመጪና ምን ልጻፍለት በያት። ያለችውን ሳታሳምሪ ላኪልኝ።

እናትሽን ሳሚልኝ። አባትሽን፣ በዳማ ካሸነፍኩት ጀምሮ ያኮረፈኝን፣ ኩርፊያው ይብቃው በይልኝ። የእናቴን እጅ ሳሚልኝ፤ ዝም ካለችም፣ ዝም አለች ብለሽ ጻፊ፤ ዝምታውም ቢሆን የራሷ ነው።

አጎትሽ
ከቤተ መጻሕፍቱ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
የካቲት ፱ ቀን