ስለ ቧንቧው ዋሽቼሽ ነበር

ለውድ እታለሜ ሀሊማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ። እንዴት ከርመሻል? የእማ ጉልበት ተሻለው ወይስ አሁንም በምርኩዝ ነው? ልጆቹስ? ዝናቡስ ጣለላችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ሰውነቴ ደኅና ነው። ደኅና ያልሆነው ሌላው ነው።

ደብዳቤሽ በሾፌሩ እጅ ደረሰኝ። እማ በየደጁ እየዞረች ልጄ በሰው አገር ለሴቱ ሁሉ ቆመች ማለቷን ሳነብ እፍረት ፊቴን ለበለበኝ። ወረቀቱን አጥፌ ፍራሼ ሥር ከተትኩት። ለአፍ ዳገት የለውም፤ ያ ባለፈው ስለ ቧንቧው የጻፍኩልሽ ግማሹ ውሸት ነው።

እውነቱ ይኸውልሽ። መንገድ የምንጠርግ ሴቶች በየፍርስራሹ ላይ በሚሠራው ቤት ሲሚንቶ ነጭ ሆነን ስንመለስ፣ ለዙህር ሶላት ውዱእ ለመታጠብ እንኳ የወረዳው ግቢ ቧንቧ ይዘጋብን ነበር። የሚዘጋው በእኛ በሐበሾቹና ጠጉረ ከርዳዳ በሚሏቸው ከደቡብ የመጡ ጥቁሮች ላይ ነው፤ ሌላው ይገባል። አዋሌ የሚባል ልጅም እንደኛው ይከለከላል። አብሮን ይጠርጋል፤ አረማመዱም ድምፁም የሴት ነው እያሉ ወንዶቹ ያባርሩታል። እኔ ወባ ይዞኝ ስተኛ የኔን መንገድ ደርቦ የጠረገልኝ እሱ ነው።

ታዲያ ይከፈትልን ብለን መጥረጊያችንን ይዘን የግቢው በር ላይ ተቀመጥን። መሪያችን ዛምዛም የምትባል ደፋር ሴት ነበረች እንጂ እኔ አልነበርኩም። በሦስተኛው ቀን የግቢው ኃላፊ ወጣና ሴቶቹ ግቡ፣ ይሄ ግን ከማንም አይቆጠርም አለ ወደ አዋሌ እየጠቆመ። ዛምዛም አዋሌ ካልገባ አንገባም አለችው። ማንም አልተነሳም። እኔ የመኖሪያ ወረቀት የለኝ፣ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁና ብድግ አልኩ። አዋሌ እንዳልረግጠው እግሩን ሰብስቦ አሳለፈኝ።

ብቻዬን ገብቼ ታጠብኩ፤ ሰገድኩም። ምን እንደሰገድኩ አላህ ይወቀው። እነሱ በፀሐይ ስምንት ቀን ተቀምጠው በሩ ለሁሉም ተከፈተ፤ ለአዋሌም ጭምር። አንዳቸውም አልወቀሱኝም። አዋሌማ ዛሬም ቀድሞ ሰላም የሚለኝ እሱ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ለእማ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ ጎረቤት ቢኖርም አትዝለይው።

ኢዘዲንን ትምህርቱን እንዳይተው ንገሪልኝ። ቢልቂስን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ጥርስ አበቀለች? አጎቴን ሐቢብን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። የእማን ጉልበት ሳሚልኝ። ዱአ ስታደርግ የኔን ስም ትታ አዋሌ የሚባል ልጅ አለ ብላ ታንሳልኝ።

እህትሽ ዊዳድ
ሐርጌሳ፣ የካቲት 19 ቀን 1992 ዓ.ም.