ለወንድሜ አላጎበድድም

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከት/ቤት መልስ።
ዛሬም ሒሳብ ሁለት ክ/ጊዜ። ራበኝ። አባባ አዘዘኝ፦ እሑድ የዳዊት ሙት ዓመት ነው፤ የታላቅ ወንድሜን የሕይወት ታሪክ ለዘመድ የማነበው እኔ ነኝ። ወዲያው ጻፍኩ። «ትሑት፣ ታዛዥ፣ ከአፉ ክፉ የማይወጣ፣ ለሁሉ አርአያ...» አለቀስኩ። ደብተሬ፣ አምሯል።

ማክሰኞ፣ 9።
ለእህቴ ለሄለን አነበብኩላት። ቆሎው ትን አላት። «ይሄን ልጅ አስተዋውቀኝ እንጂ! እኛ ቤት አድሮ አያውቅም።» ተናደድኩ። እሷ ግን የዳዊትን ሰማያዊ ደብተር አመጣች። ከወልቂጤ ጉብሬ ባጃጅ ሲነዳ፣ የሚያሳፍራቸው ሠራተኞች አለቃ የሚያሞግስ ባልደረባቸውን በምን ስም እንደሚያሙት እየሰማ የጻፈበት።

አጎብዳጅ፦ ማጎብደድ ጎንበስ ማለት ነው። አለቃው ካልወጣ ወገቡ አይቃናም።
ሆድ አደር፦ ድሮ ሎሌ ለጌታው ያድር ነበር። ይሄኛው ለሆዱ አደረ፤ ጌታው ቶሎ ቶሎ ይርበዋል።
አጨብጫቢ፦ ንግግሩ ሳይጀመር እጁ የሚግል።
አቆላማጭ፦ ከቁልምጫ። ለምሳሌ እማዬ። «ዳዊትዬ» ካለች ውሃ ቅዳ ማለቷ ነው።

ሐሙስ፣ 11።
ኬሚስትሪ ላይ የእማዬ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሳቄ አመለጠኝ። መ/ር አስወጡኝ። በረንዳ ላይም ሳቅኩ። ከዚያ ድንገት ወንድሜ ናፈቀኝ። ያ የጻፍኩት ገጽ... ዳዊት ቢሰማው በየትኛው ስም ይጠራኝ ነበር? አጨብጫቢ። ያውም የሱ!

ዓርብ፣ 12። 11 ሰዓት።
አባባን ጠየቅኩት፦ እውነተኛውን ዳዊት ልጻፍ? ተቆጣ። «ልጄን በዘመድ ፊት ልታማው ነው?» እማዬም ባለችበት የ«አቆላማጭ»ን ትርጉም አነበብኩ። ፈራሁ። እሷ ግን ሳቀች! ደብተሬ፣ እሱ ከሞተ በዓመቷ! ነጠላዋ ከትከሻዋ እስኪወድቅ። በዚያች «ዳዊትዬ» ስንት ጀሪካን እንዳስቀዳችው እሷ ታውቃለች። አባባ አቀረቀረ። ከዚያ «ጎማ ፈነዳብኝ ብሎኝ ጉንችሬ ድረስ ሄዶ ሰርግ ሲጨፍር የዋለውንም ጻፍ» አለኝ።

ቅዳሜ፣ 13። ጠዋት።
የመጀመሪያውን ገጽ ቀደድኩ። አዲሱ እንዲህ ይላል፦ ቁጡ ነበር። ካርታ ሲጫወት ያጭበረብራል። ጫማዬን ሳይጠይቅ አድርጎ ይወጣል። ታምሜ ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ ሦስት ቀን ባጃጁን አቁሞ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሦስቱንም ቀን እያበሸቀኝ።
ነገ ይሄን አነባለሁ። ቄሱም ይስሙ፣ አክስቶቼም ይስሙ። እስከ መጨረሻው መስመር።