እርስዎ ያለኝ ሐኪም

ሐዋሳ፣ የካቲት 23 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ዲላ ዝናቡ ጀመረ ወይስ እናንተንም ረስቷችኋል? እኔ ከሆዴ በቀር ደኅና ነኝ። ሐይቁም በቦታው ነው፣ የታቦር ተራራ አቀበትም እንዳንቺ ፊት እንደከበደ ነው።

የሆዴን ነገር ከሥሩ ልንገርሽ። ከመስከረም ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ። በእኛ አገር ከአንገት በታች የሚያም ነገር ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነው፤ ጎረቤቴ እትዬ ተዋበች ተልባ አዘዙልኝ፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ ነጭ ሽሮፕ ሰጠኝ። ስምንት ኪሎ ስቀንስ ሁለቱም “አማረብህ” አሉኝ። ይሄኔ ነው ስፔሻሊስት ልፈልግ ያልኩት።

የጨጓራና የአንጀት ሐኪም እዚህ እንደ ሚኒስትር ነው፤ ከአዲስ አበባ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ይላል። ሁለት ነበሩ። ስለ አንደኛው የጠየቅኋቸው ሁሉ፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ገና ሲያናግርህ ግማሹ በሽታ ይለቅሃል አሉኝ። ስለ ሁለተኛው፣ ስለ ዶክተር ፍቅሬ፣ ኧረ እሱስ ተሳዳቢ ነው አሉኝ። እትዬ ተዋበችን ባማክር፣ “የሚሳደበው ያውቃል፤ የማያውቅማ ምን ተማምኖ ይሳደባል?” አሉ። ከአንቺ ጋር ሰባት ዓመት የኖረ ሰው ስድብ አይፈራም፤ ወደ ሁለተኛው ሄድኩ።

ሽበታም፣ ግዙፍ ሰው ነው። ገና ሳልቀመጥ፣ “አንተ፣ ስምንት ኪሎ እስኪጠፋ ምን ትሠራ ነበር?” አለኝ። መዝገብ ቤት እሠራለሁ ስለው፣ ታዲያ ሆድህንም አቧራ አልብሰኸዋላ አለኝ። ደስ አለኝ፤ ትክክለኛውን መርጫለሁ። አስተኝቶ ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮዬ አወረደ። “ዋጥ አድርገው እንጂ! ጥሬ ሥጋ ስትውጥ እንዲህ ትለግም ነበር?” እያለ ቆይቶ ድንገት ዝም አለ። ቱቦውን ቀስ ብሎ አወጣና አፌን በገዛ እጁ በሶፍት ጠረገልኝ።

“ጨርሰናል፤ ቀስ ብለው ይነሡ” አለኝ።

ከአንተ ወደ እርስዎ ለመድረስ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። መንግሥት በሃያ ዓመት ያልሰጠኝን ዕድገት ጨጓራዬ ሰጠኝ። ናሙና መውሰዱን ነግሮኝ፣ ውጤቱን ሊሰሙ ሲመጡ ሰው ይዘው ይምጡ አለ።

ሰው ይዘህ ና ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ መርዶ ለባለ ጉዳዩ አይነገርም። ሌላ ሰው ስላልነበረኝ የአክስትሽን ልጅ፣ የቢሮ ባልደረባዬን ግዛቸውን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ እሱን አስገባና እኔን በረንዳ ላይ አስቀመጠኝ። ግዛቸው ዓይኑ ቀልቶ ወጣ። ቀላል ቁስለት ነው፣ በርበሬ ቀንስ ብሏል አለኝ። ከዚያ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ወስዶ ዓሣ ጋበዘኝ፤ እሾሁንም እየለቀመ ያጎርሰኝ ጀመር። የሰርግ ሙሽራ መሰልን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓርብ የቢሮው ግምገማ ነበር። ግዛቸው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እጁን እያወጣ “በሥራ ሰዓት መጽሐፍ ያነባል” ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። ዘንድሮ ተነሥቶ “የንባብ ባህልን በአርአያነት ያስፋፋል” አለ። ሰብሳቢው፣ በድክመት በኩልስ ቢሉ እጅ የሚያወጣ ጠፋ። ኢሕአዴግ ከገባ ወዲህ ድክመት የታጣበት ሠራተኛ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በማግስቱ የዶክተር ፍቅሬ ቅዳሜ ነበር። ሄጄ፣ “እባክዎ ይስደቡኝ” አልኩት። እባክዎ ይቀመጡ አለኝ። “አልቀመጥም፤ ትናንት ቢሮ ሙሉ ሰው አመስግኖኛል” ስለው መነጽሩን አወለቀና ነገረኝ። ካንሰር ነው። አዲስ አበባ ሄጄ የጨጓራዬ ግማሽ ቢቆረጥ ተስፋ አለኝ፣ የዓመታት ተስፋ፤ በጊዜ ነው የደረስንበት አለ። ካልሆነ ፍልሰታን አልጾማትም። ግማሽ ትዳር ይዤ የምኖር ሰው ነኝ፣ ግማሽ ጨጓራ ሲጨመርበት ይበዛል፣ ይቅርብኝ ብዬው ወጣሁ። የምሬን ነበር።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ፣ ባለፈው ሐሙስ ነው። ሦስት ገጽ። ጥለሽኝ ዲላ ተፈራ ቤት ከገባሽ ስምንት ዓመትሽ ነው፤ በስምንት ዓመት ከአራት መስመር በላይ ጽፈሽልኝ አታውቂም፣ ከአራቱም ሁለቱ እርግማን ነበሩ። አሁን “የኔ ጌታ” ብለሽ ጀመርሽ። ምላስህ ነው ከቤቴ ያስወጣኝ ስትዪ የኖርሽው ሴትዮ፣ ጥፋቱ የሁለታችንም ነበር አልሽ። ይቅርም ብለሽኛል። እሺ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን፣ እኔና ተፈራ ከሥጋ ወደሙ ከራቅን ስምንት ዓመታችን ነው፣ እግዚአብሔር በቅርቡ መንገድ ይከፍትልናል ትያለሽ። መንገዱ ላይ የተጋደምኩት ማን እንደሆንኩ አልጻፍሽም፤ ጨዋ ነሽ። በቁርባን የተጋባን እኔና አንቺ ነን፤ ሞት ካልሆነ የሚፈታን እንደሌለ ቄሱ ሲናገሩ አጠገቤ ቆመሽ አንገትሽን ትነቀንቂ ነበር። ግዛቸው የፍልሰታውን ነግሮሻል ማለት ነው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ሽሮ ሠርቼ ጥርግ አድርጌ በላሁ፤ ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ዓርብ ጠዋት ለዶክተር ፍቅሬ ደውዬ ይቁረጡኝ አልኩት። ምን ተገኘ ቢለኝ፣ ሚስቴ ጻፈችልኝ አልኩ። ፍቅር ትልቅ መድኃኒት ነው አለኝ። አላረምኩትም።

ቀጠሮው መጋቢት 15 ነው። ቅጹ ላይ የቅርብ ዘመድ የሚል ቦታ አለ፤ ያንቺን ስም ሞላሁበት። የዘመድ ፊርማ ከሌለ አይነኩኝም። ባትመጪ አልቀየምሽም፤ ያኔ የምቀየምበት ጊዜም አይኖረኝም። መንገዱ ሲከፈትልሽ ለንስሐ አባትሽ የምትነግሪያቸው አንድ ነገር ይጨመርብሻል፣ ያው ነው።

ደግሞ ከማደንዘዣው ስነቃ ግዛቸው እላዬ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ማየት አልፈልግም። የሚቆጣኝ ሰው ይሻለኛል። እንዴት እንደምትቆጪ የረሳሽ ካልሆነ።

ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ መንገዱን ያቅናልሽ። ተፈራን ሰላም በይልኝ። ስምንት ዓመት የታገሠ ደግ ሰው ነው፤ እግዚአብሔር ትዕግሥቱን ያብዛለት።

አሁንም ባልሽ