ስድስት መቶ ሜትር ይቀራል

ሰኞ፣ ጁን 2

የውሃ ቧንቧው ቁፋሮ ሜቶዲስት ትምህርት ቤት ደርሷል። ሴቶች ዓሣ በጭስ እስከሚያደርቁበት እስከ ዓሣ ማጨሻው ስድስት መቶ ሜትር ይቀራል።

ይህንኑ በማዘጋጀው የሳምንት ዜና ወረቀት ላይ ጽፌ ምክር ቤቱ ደጃፍ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ። ሦስት ሰዎች ቆመው ነበር። ሁለቱ ዝናብ የተጠለሉ ናቸው። ሦስተኛው ከልቡ አነበበ... ለካ የጠፋ ፍየል ማስታወቂያ እየፈለገ ነው።

ቅጂውን ለምክር ቤት አባላት አደልኩ። ሰብሳቢው አቶ ታውያ ሳያነበው አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ወይዘሮ አራባ፣ ይህን ማን ያነበዋል? አርብ በ27 ይቀጥል ወይስ ይቁም ብለን እንወስናለን።»

ሃያ ሦስት ዓመት አክራ ጋዜጣ ላይ ሠርቼ ወደ ትውልድ ቀዬዬ የተመለስኩት ለዚህ ወረቀት ነው። ሌላ ሥራ የለኝም። ከቆመስ? ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ፈርቻለሁ።

ረቡዕ፣ ጁን 4

ዓሣ ማጨሻው ጋ ማሜ ኤኩዋ ጠራችኝ። ከዓሣ አጫሾቹ ሴቶች ሁሉ ድምጿ ትልቅ ነው።

«አንቺ፣ ቧንቧው የት ደረሰ?»

«ሰሌዳው ላይ ጽፌዋለሁ እኮ።»

«ሰሌዳው እግር አለው? እኔ እሳት ትቼ ልሂድለት?»

ሴቶቹ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። እውነቷን ነው።

ለምን በአዋጅ ነጋሪው አይነገርም?

ቅዳሜ፣ ጁን 7

እንደ ወጉ አንድ ጠርሙስ ጂን እጅ መንሻ ይዤ ባላባታችን ናና ግቢ ሄድኩ። ቃል አቀባዩ ሰማኝ፣ ለናና ነገረልኝ። ተፈቀደ።

ከዚያ አዋጅ ነጋሪው አባባ ኤሱን ጋ። ቁፋሮው በዝናብ ቆሞ ሰንብቷልና፣ ከወረቀቱ ስድስት መቶ ሜትር ይቀራል የሚለውን ብቻ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው።

«እሺ። ከዚያስ?»

«ከዚያ የለም፣ አባባ። ይኸው ነው።»

«ቃጭል መትቼ... እንዲሁ ላቆም?»

«እንዲሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን አሳሰባቸው?

ሰኞ፣ ጁን 9

ሲመሻሽ ቃጭሉ ተመታ። ከደጄ ሆኜ ሰማሁ። አንድ ቃል አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጁን 10

ከሁለት መቶ የሚበልጥ ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ሜቶዲስት ትምህርት ቤት በር ላይ ገና ሳይነጋ ተሰልፏል። በወጋችን ማክሰኞ ባሕር አይገባም፤ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ አለ።

«ምን ሆናችሁ?» አልኩ።

«ቃጭል ተመታ። ስድስት መቶ ሜትር ይቀራል ተባለ። መጣን!»

ያኔ ትዝ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቃጭል ሲመታ ውጡ ማለት ነው፤ መቃብር አጽዱ፣ መንገድ ጥረጉ። ለወሬ ተመትቶ አያውቅም። እኔ ይህን እንዴት ረሳሁ? አክራ ያስረሳል?

የቁፋሮው ኃላፊ መጀመሪያ ራሱን ያዘ። ቀጥሎ መሳቅ ጀመረ። በመጨረሻ ጥልቀቱን በእንጨት ለክቶ አሳያቸው። ዓሣ አጥማጆቹ መረብ ሲጎትቱ የሚዘፍኑትን እየዘፈኑ ቆፈሩ። ሴቶቹ ከበቆሎ ሊጥ የተሠራ ኬንኬይና የተጠበሰ ዓሣ አመጡ።

ረፋዱ ላይ አቶ ታውያ እየተቆጣ ደረሰ። «ማን ፈቀደ?»

ማሜ ኤኩዋ አላስጨረሰችውም። «ጌታው፣ እሱን ተወውና የውሃ ገንዳው በየት በኩል ነው የሚተከለው?»

«ቧንቧውስ መቼ ይመጣል?» አለ ሌላው። አቶ ታውያ እጁን ኪሱ ከተተና ያን የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ጮክ ብሎ አነበበው፣ ከላይ እስከ ታች፤ የሁለቱም ጥያቄ መልስ እዚያው ተጽፎ ነበር። ተጨበጨበለት! መልሶ ሲያጥፈው አየሁት... በጥንቃቄ።

ሐሙስ፣ ጁን 12

እርማት ጻፍኩ። «ሰኞ የተነገረው ዜና እንጂ ትዕዛዝ አልነበረም። ማክሰኞ 180 ሜትር ተቆፍሯል። ከዚህ 40 ሜትሩ ጥልቀቱ ስላነሰ እንደገና ይቆፈራል። ስህተቱ የጸሐፊዋ ነው።»

አባባ ኤሱን ይህን በቃጭል አልናገርም አሉ። «ቃጭል ተሳስቻለሁ ብሎ አያውቅም፣ ልጄ።» ናና ግቢ ሄደን ተስማማን። ዜና ሲሆን አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል፤ የመክፈቻ ቃሉን ራሳቸው አባባ ኤሱን አወጡት።

ሰኞ፣ ጁን 16

«አካፋችሁ ቤት ይቅር፣ ጆሯችሁ ብቻ ይምጣ!»

መንገዱ ሁሉ ሳቀ። አባባ ኤሱን ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና ዜናውን ነገሩ። እርማቱንም ጨምረው!

ሐሙስ፣ ጁን 19

በሦስት ቀን ከሰዉ አሥራ አራት ጥያቄ መጣ። የገበያው መጸዳጃ ለምን ቆመ? የመብራቱ ምሰሶ የማን ነው? ለምክር ቤት አባላት አደረስኩ። ዘጠኙ ተመለሰ። አምስቱን «መልስ አልተገኘም» ብዬ ለጠፍኩ። ማታውን ሦስቱ መልስ አገኙ።

ረቡዕ፣ ጁን 25

ቁፋሮው ዓሣ ማጨሻው ደርሷል። ቧንቧው ተቀብሯል። ውሃ ገና አልተለቀቀም።

ዛሬ ከቢሮ የምለጥፈው ወረቀት ይዤ ስወጣ መለጠፊያ ቦታ አጣሁ፤ ሰው ሰሌዳውን ከቦታል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ በጠመኔ መጻፍ ጀመርኩ። አንዱ ከኋላዬ «ቀኑን አስቀድሚ እንጂ» ይላል። ማንበብ የማትችለው ማሜ ኤኩዋ ደግሞ እየገፋች መጣች። «ጮክ ብለሽ ጻፊ፣ ሁላችንም እንስማ!»

እያንዳንዱን ቃል እየጮህኩ ጻፍኩ። የመጨረሻውን መስመር ከሁሉም ይልቅ ጮክ ብዬ ጻፍኩት።

«ይህ ዜና ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ምክር ቤቱ አርብ፣ ጁን 27፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይወስናል። ስብሰባው ለሁሉም ክፍት ነው።»