ገመዱን የያዘችው

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለጄን፤ ኢጣሊያ አገር፣ ገዳም።

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብሽ ሳል ዘንድሮ ተወሽ ወይስ አሁንም ሌሊት ያስቀምጥሻል? ምግቡስ ተስማማሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናታችን ዓይን ብቻ ሞራው ዕለት ከዕለት እየሸፈነው ሄዷል። ከብቶቻችን ያሉበት ኡራን ዝናብ ስላገኘ እነሱም አገግመዋል። በአማርኛ የምጽፍልሽ ሆን ብዬ ነው። ድንበር ተሻግረን ኢትዮጵያ የተማርነው ትምህርት ለዚህ ይጠቅመናል፤ ደብዳቤሽን የሚከፍቱ የገዳሙ እህቶች ቢኖሩ እንኳ አይገባቸውም። የምነግርሽን ደግሞ ካንቺ በቀር ማንም እንዲያየው አልፈልግም።

ነጅመዲንን ታስታውሺዋለሽ፤ ከገበያው ጀርባ ጨርቅ የሚሸጠው፣ ከወዲያ ማዶ የመጣው ነጋዴ። አሁን ከሱቁ ጎን ቪዲዮ ቤት ከፍቷል። ከኢድ በኋላ ከናይሮቢ ካስመጣቸው ሲዲዎች መካከል ሽፋኑ ላይ መነኩሲት ያለችበት አንድ አገኘና መንፈሳዊ ፊልም መሰለው። ጎረቤት አክባሪ ሰው ስለሆነ ለሃይማኖት አስተማሪያችን፣ ለካቴኪስቱ ለዲባ፣ የእናንተ ፊልም መጥቶልኛል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁላችሁም ኑ፣ ክፍያ የለም ብሎ ላከበት። እኛም የክት ልብሳችንን ለብሰን፣ መቁጠሪያችንን ይዘን ሄድን። እናታችንን እጇን ይዤ ፊት አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳት።

ፊልሙ መንፈሳዊ አልነበረም። ሃይማኖታችን ላይ የሚያሾፍ፣ እንደ ሕልም ራስና እግሩ የማይያዝ ነገር ነው። አንድ ጳጳስ አለ፤ ይህ ነገር እርም ነው ባለ ቁጥር ባርኔጣው ይረዝማል። ሥጋ ቤት የመሰለ ሱቅም አለ፤ አንድ ቄስ የሰዉን ኃጢአት በሚዛን እየመዘነ ነፍስ ከኃጢአት ወደምትነጻበት ወደ መንጽሔ መግቢያ ተራ ቁጥር ይሰጣል፤ ሰዎቹም ከነዶሮአቸው፣ ከነፍየላቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ልክ የእኛን የድንበር ኬላ ነው የሚመስለው። እዚያ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። ዲባ ግን የጳጳሱ ባርኔጣ ጣሪያ ሲነካ ብድግ ብሎ ወጣ።

ከዚያ አንዲት ወጣት መነኩሲት መጣች። ስትጸልይ ከመሬት ትነሳለች፤ ከፍ ከፍ ብላ ጣሪያ ላይ ተለጥፋ ትቀራለች። የገዳሙ አለቃ እሷን ለማሳየት ትኬት ትሸጣለች። ሊቃውንቱ ከሥር ቆመው ቅድስት ናት ወይስ ክብደት ብቻ ነው ያጣችው እያሉ ይከራከራሉ። ወጥ ቤት የምትሠራው መነኩሲት ደግሞ ነፋስ እንዳይወስዳት ቁርጭምጭሚቷን በገመድ አስራ፣ ሾርባዋን በረጅም እንጨት ወደ ላይ እያቀበለች፣ የሚንጠባጠበውን ከወለሉ ላይ ትወለውላለች።

ይሄኔ እናታችን ክንዴን ጨበጥ አድርጋ «ኢንታላ ኮ» አለች። ልጄ ናት፣ ጄን ናት አለች። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የነጅመዲን ቴሌቪዥን የሰውን ፊት ሁሉ አመድ ያስመስላል፤ የእናታችንም ዓይን እንደነገርኩሽ ነው። ዝም አላልኳትም። እማ፣ ይቺ ፈረንጅ ናት፣ ነገሩም ቀልድ ነው አልኳት። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አንቺ ድሮም ትቀኚባታለሽ አለችኝና ማልቀስ ጀመረች። ከኋላ ሲስቁ የነበሩት ነጋዴዎች እሷን አይተው ጸጥ አሉ። ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ ድረስ የሳቀ ሰው የለም።

እውነቷን ነው፤ እቀናለሁ። ምን እደብቅሻለሁ። ከሄድሽ ጀምሮ ውኃ የምቀዳው እኔ፣ ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ፣ ጸጉሯን የምሠራት እኔ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ግን የምትወስደው ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶሽ ነው። ወጡ ጨው ከበዛበት የኔ እጅ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ያንቺ ጸሎት ነው። አንቺ እኮ እንጨት ልቀሚ ስትባዪ ሆዴን አመመኝ የምትዪ ልጅ ነበርሽ። ይህን ልነግራት ስንት ጊዜ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መልሼ ውጬዋለሁ። አሁን ደግሞ ይባስ ብላ በራሪ አደረገችሽ።

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን፣ ጄንን አሳዪኝ ትለኛለች። ነጅመዲንም የኳስ ተመልካቾቹ ሳይመጡ ለእሷ ብቻ ይከፍትላታል። ዲባ ለቄሳችን ለአባ ከሶ ነበር። አባ መጡና ከአጠገቧ ተቀምጠው አዩት፤ ባርኔጣው ላይ ሳቃቸውን በመሐረባቸው አፈኑ። ሲወጡም ዲባን፣ ተዋት፣ እሷ የምታየው ሌላ ፊልም ነው አሉት። እኔ ግን ያንኑ ፊልም እያየሁ በቅናት እንገበገባለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የኦዳ መንደሩ ልጅ ጋልማ፣ የከብት ሎሪ የሚነዳው፣ ላግባሽ ብሎኛል። ወንድሙ ኢሲዮሎ ከተማ ጋራዥ ከፍቶ አብረን እንሥራ ስላለው ከገና በኋላ ጠቅልሎ ይሄዳል፤ እኔን እስከ ፋሲካ ሊጠብቀኝ ቃል ገብቷል። ከዚያ በላይ ጠብቀኝ ልለው አልችልም፤ እስከ ዛሬም የጠበቀኝ በደግነቱ ነው። ወንድማችን ጃርሶ ከከብቶቹ አይለይም፤ እናታችንም ቤቷንና ቤተ ክርስቲያኗን ጥላ ኡራን አልሄድም ብላለች። የጋልማን ነገር ስነግራት ምን አለች መሰለሽ? ጄን ትጠየቅ፣ እሷ ከላይ ሆና ታያለች። የታላቅ ጋብቻ በታናሽ ፈቃድ ሆነ ማለት ነው። አንጀቴ አረረ። ለቀናት አኮረፍኳት፤ ቪዲዮ ቤት መውሰዱን ግን አላስቀረሁባትም።

የፊልሙ መጨረሻ እንዲህ ነው። የጳጳሱ ባርኔጣ እንዲያልፍ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ያፈርሱታል። መነኩሲቷ በቀዳዳው ወደ ሰማይ ትወጣለች፤ ወጥ ሠሪዋም ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ በእግሯ ጣቶች ጫፍ ቆማ ትቀራለች። እዚያ ላይ ያልቃል፤ ትልቀቀው ትያዘው አይታወቅም። እናታችን እዚህ ቦታ ሲደርስ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነበር የምታየው። ባለፈው ሐሙስ ግን፣ ያቺ ከታች ያለችው ማን ናት አለችኝ። ወጥ ሠሪዋ ናት አልኳት። ክንዷ አይዝልም? አለች። ይዝላል አልኳት። መንገዱን ሁሉ ክንዴን እንደያዘች ሄድን። ቤት ገብተን ጫማዋን ሳወልቅላት፣ ለጄን ጻፊላት፣ ወርዳ እሷም ገመዱን ትያዝ በያት አለችኝ።

ይኸው ጻፍኩልሽ። ፈቃድሽን አልጠይቅም፤ ነይ ነው የምልሽ። ነርስ ነሽና፣ እዚህ የሚሲዮኑ ክሊኒክ ሰው እንደሚፈልግ አባ ነግረውኛል፤ አለቆችሽን ለምኛቸው። ስትመጪ አገሩ ሁሉ አንቺን ለማየት እንደሚግተለተል፣ እናታችንም ፊትሽን እየዳሰሰች እኔን እንደምትረሳኝ አውቃለሁ። ያን ቀንም እቀናለሁ። ቢሆንም ነይ።

እናታችን አገላብጣ ትስምሻለች፤ ጣሪያው ራስሽን እንዳይመታሽ ተጠንቀቂ ብላለች። ጃርሶ ከኡራን እንደምን ነሽ ይልሻል። ሚስቱ ሀዋኦ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ስሟን ጄን ብለዋታል፤ የኔን ስም ያነሳ የለም። ነጅመዲንም ጋልማም ሰላም ብለውሻል። በገዳማችሁ ወጥ ቤት የምትሠራው እህት ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ ጽፈሽልኝ አታውቂም። ከሁሉም አብልጠሽ ለእሷ ሰላም በዪልኝ።

እህትሽ ጡሜ

ሞያሌ፣ ኬንያ
ኅዳር 20 ቀን 2000 ዓ.ም.